እናቶቻችንን ከሰው ቁጥር ማን አወጣቸው?

ጉድ በል ጎንደር! በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ ከኮላ ድባ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንድ ግቢ ደረስኩና «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። አንዲት እናት ሊጥ የነካ እጃቸውን እያራገፉ ብቅ አሉ። «ሰው የለም ልጄ፤ ገበያ ወጥቷል» አሉኝ። ልብ በሉ አንባቢያን! ፊት ለፊቴ ቆመው የሚያናግሩኝ እናት ናቸው ቤታቸው ውስጥ «ሰው የለም» የሚሉኝ። ገበያ የወጣው «ሰው» ማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ልስቅ አልቻልኩም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ «ሰው» ሆኜ ተመዝግቤያለሁና፤ ያውም በ12 ዓመቴ! አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ በወርሃ ሰኔ፣ እናቴ ማዳበሪያ ልትወስድ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል «አባወራው ማነው?» አላት። «ሞቷል» አለች። «ታዲያ ወንድ ልጅ የለሽም?» አላት። በማግስቱ እኔን አስከትላ መጣች። ከፈተና ቀርቼ፣ ሁለት ቀን ተሰልፌ፣ ስሜን እየተንቀጠቀጥኩ ጻፍኩ። መሬቱን በእኩል የምታሳርሰው እሷ! አረሙን የምትነቅለው እሷ! ዕዳውን የምትከፍለው እሷ! አባወራው ግን አፍንጫዬን በወጉ የማልጠርገው እኔ! ይኼ ነው እንዴ አሠራር ማለት?

ለመሆኑ ይህን የፈቀደ ሕግ አለ? ድሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሻረው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይሰፍራል። ደብተሩ ሁለት ሰው ያያል። ስብሰባ ሲጠራ ግን «አባወራዎች ውጡ!» ነው። ሪፖርት ሲነበብም «ይህን ያህል አባወራ ተጠቃሚ ሆኗል» ነው። ሚስቲቱ የት ገባች?

«እማወራ የሚል ቃል አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ! ግን አንዲት ሴት እማወራ የምትባለው መቼ ነው? ባሏ ሲሞት ወይም ሲፈታት! በሰው ቁጥር ለመግባት ከል መልበስ አለባት ማለት ነዋ!

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 7 በወንድ ፆታ የተደነገገው ሴትንም ያካትታል ይላል። ለዳኛና ለጠበቃ ይሁን፣ ይበቃ ይሆናል። መዝገብ ይዞ በር ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን «አባወራ» ማለት ወንድ ማለት ነው፤ አለቀ። ቃሉ ሴትን የሚያካትት ቢሆን ኖሮ እናቴ ለምን ባዶ እጇን ተመለሰች?

አንዳንዶች ደግሞ «በፈረንጅ ፋሽን ቋንቋችንን አታበላሹ» ይላሉ። የፈረንጁ ችግርማ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ስብሰባ የሚመራውን «ቼርማን» ሲል ወንበሩ ላይ ወንድ አስቀምጦበታል፤ ሴት ስትቀመጥበት ጊዜ «ቼርፐርሰን» ለማለት ተገደደ። «ፋየርማን»ንም «ፋየርፋይተር» አለው። እኛ ግን «ሊቀ መንበር» ስንል ቃሉ ውስጥ ወንድ የለበትም። «እርስዎ» ስንል ወንድና ሴት አንለይም። «ባለይዞታ»፣ «ባለጉዳይ»፣ «የቤተሰብ ኃላፊ» ሁሉም የራሳችን ቃላት ናቸው። አዲስ ቃል ፍጠሩ ያለ የለም፤ ያለውን ተጠቀሙ ነው!

ባህል ከተባለም እዚሁ እንነጋገር። ከቋራ የተነሡት እቴጌ ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ባላቸው አፄ በካፋ ሲሞቱ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናትየዋ ራሳቸው ዘውድ ጭነው፣ «ብርሃን ሞገሳ» ተብለው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ሕፃኑን አባወራ አድርጎ እናቱን ከበር መመለስ የጎንደር ባህል አይደለም!

«ቃል ዳቦ አይሆንም» ትሉኝ ይሆናል። አፍ ላይ ያለ ቃል አይሆን ይሆናል፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቃል ግን ማዳበሪያ ይሆናል፣ ብድር ይሆናል፣ የእርዳታ ስንዴ ይሆናል። የአፉም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጎበዝ ሴት ስናይ «ወንድ ናት» ብለን እናሞግሳለን፤ ፈሪ ወንድ ስናይ «ሴት» ብለን እንሰድባለን። ይህን እየሰሙ ያደጉ እናት «ሰው የለም» ቢሉ ምን ይገርማል? እኔም ብሆን ብዕር ከያዝኩ ወዲህ ስንቱን ዜና «አባወራ» እያልኩ ጽፌያለሁ። ጥፋቴ ነው፤ ከእንግዲህ አይለመደኝም።

ባለሥልጣኖቻችን ግን የካቲት 29 በመጣ ቁጥር ቲሸርት ለብሰው ስለ ሴቶች እኩልነት አዳራሽ ያሞቃሉ። እኛ የምንጠይቃቸው አዳራሽም አበልም የማይፈልግ ሥራ ነው፤ አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ከየቅጻችሁ ላይ «የአባወራው ስም» የሚለውን ሰርዙ! «የቤተሰብ ኃላፊዎች» በሉና ሁለት መስመር አስምሩ! አንድ ሰው ብቻ ካለ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አንዱን ይሙላ። ስብሰባ ስትጠሩም «ባለይዞታዎች» በሉ፤ ያኔ ደብተሩ ላይ ፎቶዋ ያለ ሁሉ ትመጣለች።

አለዚያ የየካቲት 29ኙን ድግስ ተዉት። ሰው የሌለበት ቤት የምን እኩልነት ይሰበካል? ልብ ያለው ልብ ይበል!