እጁን ያላሠለጠነ ፖሊስ ዱላ ያነሣል



ፖሊስ ለመሆን የሚሠለጥን ተማሪ ጁዶና ካራቴ በደንብ ይማር ባልን ቁጥር ሁለት ወገኖች ይስቁብናል። አንደኛው «ይህ የፊልም ጨዋታ ነው፤ ለፖሊስ ዱላና ጠመንጃ ይበቃዋል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሕዝብ የሚመታበት ሌላ ክንድ ልትጨምሩለት ነውን?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

እኛ የቁንዝላ ልጆች በጣና ዳር ስንታገል ያደግን ነን። በትግል የሚመሰገነው የባልንጀራውን ጀርባ መሬት አስነክቶ እጁን ይዞ የሚያነሣው እንጂ ጥርሱን የሚያወልቀው አይደለም። ከመካከላችን ወደ ፖሊስ ሥልጠና የገቡት ይህን ይዘው ቢሄዱ «የገጠር ግብግብ» ተብሎ ተናቀባቸው።

ስሙን በማንጠራው በአንድ ማሠልጠኛ የደረሰብንን እንናገር። ምንጣፍ የለም፤ ሜዳው ጠጠር ነው። አወዳደቅ ሳንማር መጣጣል ጀመርን። የአንዱ ጓደኛችን ትከሻ ወለቀ፤ ሐኪም በአጠገቡ አልነበረም። ሲያቃስት «ወንድ አይደለህምን?» ተባለ። እኅቶቻችን ዳር ቆመው እንዲቆጥሩ ተደረገ። ነገ ተጠርጣሪ የምትይዘው እርሷም አይደለችምን? ፈተናው ሲደርስ የሸመደድነውን እንቅስቃሴ በሰልፍ አሳየን፤ በእንግዶች ፊት ሸክላ ተሰበረ፤ ተጨበጨበ። የሚንፈራገጥን ሰው ሳይጎዱ እንዴት ካቴና እንደሚያስገቡለት ግን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አልተለማመድንም። ሸክላ አይንፈራገጥም፤ ሸክላ መብት የለውም።

እጁን የማያምን ፖሊስ ይፈራል፤ የፈራ ዱላ ያነሣል፤ ዱላው ካልበቃው ምላጭ ይስባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ጭካኔ ከተሞላበት አያያዝ እንዲጠበቅ፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ የተያዘ ሰው ክብሩ እንዲጠበቅለት ያዛል። ታዲያ ይህ አንቀጽ በወረቀት ላይ ተጽፎ በፖሊሱ ክንድ ውስጥ ካልገባ ምን ይረባል?

«ገንዘብ የለም» የሚሉን አሉ። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ጁዶን ማስተማር ሲጀምር ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ነበር። የነበረውም በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ የቶኪዮ ፖሊስ ጥበቡን ተቀበለ። ጁዶ አስቀድሞ የሚያስተምረው አወዳደቅን ነው። ምንጣፍ ቢታጣ ገለባ የተሞላ ጆንያ አይታጣም። የጎደለን ገንዘብ ሳይሆን ሐሳብ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንጠይቃለን፦ አንደኛ፣ አወዳደቅ ሳይማር ማንም አይወርወር፤ ሐኪምም ከሜዳው አይራቅ። ሁለተኛ፣ እኅቶቻችን እኩል ይሠልጥኑ። ሦስተኛ፣ ፈተናው በሚታገል ሰው ላይ ይሁን፤ እጁን የሰጠን የመታ ይውደቅ። አራተኛ፣ የሕግ መምህሩ ከአሠልጣኙ ጎን ይቁም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚም የሕግ ትምህርት ቤትም አለው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ሁለቱን በአንድ ሜዳ ማገናኘት ይህን ያህል ይከብዳልን?

ዛሬ በጠጠር ላይ የሚወድቀው ተማሪ ነገ በመንገድ ላይ የወንድማችንን እጅ የሚይዘው ነው። እንዴት እንደሚይዘው የሚወሰነው ዛሬ ነው።