ኢንሹራንስ ሐራም ነው ብለን የተውነው የማን ሐቅ ነው?



ለተማሪ ስለ መኪና ኢንሹራንስ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ወንድም እንደሚኖር እናውቃለን። አብዛኞቻችን ወደ ግቢ የምንመጣው በአውቶቡስ ነው፤ መኪና ቀርቶ ብስክሌት ያለው ስንቱ ነው? ግን የአባቱ ሚኒባስ፣ የአጎቱ አይሱዙ ወይም የታላቅ ወንድሙ ባጃጅ የትምህርት ወጪውን የሚችልለት ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። ክረምት ሲገባ መንጃ ፈቃድ ያለን ልጆች ራሳችን መሪ እንይዛለን። ተመርቀን ሥራ እስክናገኝ በስልክ በሚጠራ ታክሲ እንሠራለን ብለን ያቀድንም አለን።

እንድንጽፍ ያነሳሳን ግን ፍሬሽማን ሳለን ያየነው ነገር ነው። የዶርማችን ልጅ ታላቅ ወንድም የቤተሰቡን ሚኒባስ እየነዳ አንድ የቀን ሠራተኛ ገጨ። ሰውየው በአላህ ፈቃድ ተረፈ፤ ግን እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። የሦስት ልጆች አባት ነው። መኪናው የነበረው የግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ጣሪያ 40,000 ብር ነው። ኦፕራሲዮኑና እግሩ ውስጥ የገባው ብረት ብቻ ያንን አልፎት ሄደ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቤተሰቡ ሚኒባሱን ሸጠ፣ እኛም ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ በር ላይ ጨርቅ ዘርግተን ሰባት ሺህ ብር ገደማ ሰብስበን ላክን። ጓደኛችን በቀጣዩ ሴሚስተር ዊዝድሮዋል ሞልቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አባቱ መድኑን ሲገዙ ከግዴታው በላይ ሽፋን እንዲጨምሩ ተጠይቀው ነበር። “ኢንሹራንስ ሐራም ነው፤ ጠባቂያችን አላህ ነው” ብለው መለሱ። ቅን ሰው ናቸው፤ ይህን የምንጽፈው እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። ያኔ እኛም ብንጠየቅ መልሳችን ያው ነበር፤ በመድረሳ የሰማነው እሱን ነውና። ዛሬ ግን መልሱ ግማሽ ነው ብለን እናምናለን።

ሐራም የሚለው ብይን ከአየር የመጣ አይደለም። ኢብኑ ዓቢዲን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ነጋዴዎች ለመርከብ ጭነት የሚገቡትን ውል አይቶ ተችቶታል። በንግድ ኢንሹራንስ ውል ውስጥ የምትከፍለው ገንዘብ ይታወቃል፤ የምታገኘው ግን አይታወቅም፤ ምንም ላታገኝም ትችላለህ። ይህ ገረር ነው። ኩባንያው የሰበሰበውን ገንዘብ በወለድ ሲያስቀምጠው ሪባ ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ ቋሚ አረቦን የሚከፈልበትን የንግድ ኢንሹራንስ ሐራም ነው ብሎ ወስኗል። እንደ ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ታላላቅ ዓሊሞች የተለየ አቋም ነበራቸው፤ እኛ የምንሄደው በብዙሃኑ አቋም ነው።

ግን ያው ውሳኔ ሁለተኛ ክፍል አለው። በመዋጮና በመረዳዳት ላይ የቆመ ኢንሹራንስ ይፈቀዳል ይላል፤ ሙስሊም አገሮችም እንዲያቋቁሙት ይጠይቃል። እኛ ጆሮ የደረሰው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ውጤቱም የምናየው ነው፦ ሐራሙን እንተዋለን፣ ሐላሉን አንፈልግም፣ በመካከል የተገጨው ሰው ይቀራል።

ዋናው ነጥባችን እዚህ ላይ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይነገራሉ። አንደኛው የራሴ መኪና ሲጎዳ የሚከፈለኝ ነው። ሁለተኛው እኔ ሰው ብገጭ ለተገጨው የሚከፈለው ነው። መኪናዬ ቢሰረቅ ቀደር ነው ብዬ ልታገሥ እችላለሁ፤ ምንዳም አለው። በሌላ ሰው እግር ላይ ግን ልታገሥለት አልችልም። ያ ሐቁል ዒባድ ነው፤ ባለቤቱ ይቅር ካላለ በቀር አይወርድም። (ግመልህን እሰር የሚለውን ሐዲስ ሁላችንም ስለምናውቀው አንደግመውም። የምንጠይቀው ግን፣ ያልታሰረችው ግመል የጎረቤትን እህል ብትበላ ማን ይከፍላል?)

ዲናችን በስህተት ለጠፋ ነፍስ እንኳ ኃላፊነት አለ ይላል። በሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 92 በስህተት የገደለ ሰው ዲያ ለሟች ቤተሰብ እንዲሰጥ ታዟል። ፉቀሃዎችም ይህን ዲያ ገዳዩ ብቻውን እንዲሸከም አላደረጉም፤ ዓቂላ የሚባሉት የአባት ዘመዶቹ ተከፋፍለው በዓመታት ይከፍሉታል። ጉዳቱን ብዙ ሰው ሲሸከመው ተጎጂው ሐቁን ያገኛል፣ አጥፊውም አይደመሰስም። ለኛ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለው ይህንን ነው።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መሪውን የያዘው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ማንም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መኪና እንዳያሽከረክር ይከለክላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ትራፊክ ፖሊስ እንዳይዘን መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ስቲከር ነው። ስቲከሩ ግን ጣሪያ አለው። ጓደኛችን ቤት ያ አደጋ ከደረሰ ወዲህ ጣሪያው ከፍ ተደርጓል፤ ሆኖም ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ዛሬም የባለቤቱ ዕዳ ነው። ስለዚህ የቤተሰባችን ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የራስን ላሜራና ስፖኪዮ ከመሸፈን በፊት የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ከግዴታው በላይ ማስጨመር ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ። ይህ ቅደም ተከተል በገበያው ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚያወራልህ ስለ መኪናህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አብዛኞቻችን እግረኞች ነን። በመኪና የተገጨ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ሆስፒታሉ ማን ይከፍለኛል ብሎ ሊመልሰው አይችልም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነም ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ይህንን የማያውቅ ቤተሰብ ዝም ብሎ ልጁን ቀብሮ ይቀመጣል።

ታዲያ ሐላሉ የቱ ነው? ተካፉል ነው። ተካፉል ለሚለው ቃል እንግዳ የሆነ ሰው የመንደሩን እድር ወይም የሐረርን አፎቻ ያስብ። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ የማንም ትርፍ አይደለም፤ አንዱ ሲቸገር ከሣጥኑ ይወጣለታል። ተካፉል ያንኑ በውል፣ በሒሳብ አዋቂና በተቆጣጣሪ ፊት ይሠራዋል። የምትከፍለው ተበሩዕ፣ ማለትም ልገሳ ተብሎ ወደ አባላቱ ፈንድ ይገባል። ኩባንያው የፈንዱ ባለቤት አይደለም፤ አስተዳዳሪ ነውና ለድካሙ የወካላ ክፍያ፣ ወይም ገንዘቡ በሐላል ሥራ ላይ ውሎ ካተረፈ የሙዳረባ ድርሻ ያገኛል። በዓመቱ መጨረሻ የተረፈው ለአባላቱ ይመለሳል ወይም በውሉ መሠረት ለበጎ ሥራ ይውላል፤ ከጎደለ ደግሞ ኩባንያው ያለ ወለድ ያበድራል። በዚህ መልክ የተቋቋመው የመጀመሪያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 በሱዳን የተከፈተው ነው፤ ከጎረቤታችን ማለት ነው። በኛም አገር ብሔራዊ ባንክ የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፣ መስኮት የከፈተ ኩባንያም አለ።

እዚህ ላይ ግን በስሙ ብቻ እንዳንረካ። አንዱ መስኮት ጋ ሄደን የተረፈው ገንዘብ የማን ነው ብለን ስንጠይቅ የሽያጭ ሠራተኛው “ሐላል ነው፣ አትስጉ” ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። የተካፉሉ ፈንድ ከኩባንያው ሌላ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጣል ወይ? በየትኛው ባንክ፣ በወለድ ነው ያለ ወለድ? የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴው እነማን ናቸው? ይህንን መጠየቅ የደንበኛ መብት ነው፤ መልሱ በጽሑፍ ካልተገኘ ሌላ በር ማንኳኳት ነው። የምንኖርበት ከተማ የተካፉል መስኮት ከሌለስ? የግዴታውን ሕግ ስለሚያስገድድ ወቀሳው ከኛ ላይ ይወርዳል የሚሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። ከግዴታው በላይ ያለውን ግን እያንዳንዱ የራሱን ኡስታዝ ይጠይቅ፤ የሚጠይቀው ግን ሁለቱን ጉዳዮች ለይቶ ይሁን። “ኢንሹራንስ ይፈቀዳል ወይ” ብሎ የጠየቀ ሰው የተገጨውን ሰው ከጥያቄው አውጥቶታል።

የራስን መኪና ጭምር የሚሸፍነውን ሙሉ ኢንሹራንስ ለያዘ ቤተሰብ አንድ የሒሳብ ነገር እናንሳ፤ ኢንጂነሪንግ የተማርነው ለዚህም ካልጠቀመ! ከጥቂት ዓመታት በፊት በ800,000 ብር የተገዛ መኪና ነበር እንበል። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ያው መኪና ዛሬ 2,000,000 ብር ያወጣል። አባታችን ግን አረቦኑ እንዳይጨምር በየዓመቱ የሚያሳድሱት በ800,000 ነው። መኪናው ተጋጭቶ ጥገናው 500,000 ብር ቢሆን፣ ብዙ ፖሊሲዎች የሚከፍሉት ሙሉውን አይደለም። መኪናው የተሸፈነው ከዋጋው 40 በመቶ ብቻ ስለሆነ ጉዳቱም በ40 በመቶ ይታሰባል፤ 200,000 ብር። ከዚያም ላይ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ተቀናሽ አለ። ቤተሰቡ ኩባንያው አታለለን ይላል፤ ነገሩ ግን የሚጻፈው ማንም ባላነበበው ወረቀት ላይ ነው። ዋጋውን አጋንኖ ማስመዝገብም ትርፍ የለውም፤ ካሳ የደረሰውን ጉዳት ይተካል እንጂ አያበለጽግም።

ሌላው የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። የግል ተብሎ የተሸፈነ መኪና በክፍያ ሰው ሲያመላልስ ከተጋጨ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። መንጃ ፈቃዱ ለመኪናው ዓይነት ካልሆነም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ የተለመደ አንድ በሽታ አለ፦ የነዳው ሌላ፣ ቃል የሚሰጠው ሌላ። ከጋራዥ ጋር ተነጋግሮ ፕሮፎርማ ማስጋነንም አለ። ከመካከላችን ይህንን ብልጠት አድርጎ የሚያወራ ሰምተናል፤ ያው ሰው ስለ ሪባ ሲነሳ ከሁላችንም ይበልጥ ጥብቅ ነው። በተካፉል ደግሞ የሚበላው ገንዘብ የኩባንያ ሳይሆን የሌሎች አባላት መዋጮ ነው።

ጓደኛችን ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ ከኛ አንድ ባች ዝቅ ብሎ እየተማረ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። የተገጨው ሰውዬ ግን እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ወደ ቀን ሥራውም አልተመለሰም።

ክረምት ወደ ቤት ስንሄድ ፖሊሲውን ከመኪናው መሳቢያ አውጥተን ከአባቶቻችን ጋር እናንብበው። ለሦስተኛ ወገን የተጻፈው ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ መኪናው በስንት ብር እንደተመዘገበ፣ ለምን አገልግሎት ተብሎ እንደተሸፈነ እንይ። የቤተሰቡን ፖሊሲ ፎቶ ኮፒ ይዞ መምጣት የሚችል ሁሉ ይዞ ይምጣ፤ ሕግ የሚማሩ እህቶችና ወንድሞች አሉን፣ ከመግሪብ በኋላ ተቀምጠን አብረን እናነበዋለን ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።