በጣሳው ላይ የተጻፈውን ማን ያንብብለት?

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪን ከማስቲሽ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ከእኛ የሚጠበቀው ስለ ቅኔ፥ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ዘመኑ ወጣት ጠባይ መተቸት ነው። ዛሬ ግን ከልማዳችን ወጥተን ስለ አንድ ፈሳሽ ልንጽፍ ብዕር አንሥተናል። ምክንያታችንን አንብባችሁ ፍረዱን።

ባለፈው በጋ ሦስት ሆነን የተገነጠለ ጫማ ልናስጠግን በሲቀላ ወደሚገኝ አንድ ጠባብ የጫማ ሥራ ቤት ገባን። መስኮቱ አቧራ እንዳያስገባ ተዘግቷል። ዕድሜው 13 ዓመት የሚሆን ልጅ የተከፈተ የማስቲሽ ጣሳ በጉልበቱ መካከል ይዞ ሶል ይቀባል። ከእርሱ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ጀበና የተጣደበት የከሰል ምድጃ ግሏል። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን ባወቀ ጊዜ ጣሳውን አዞረና የተሣለውን ነበልባል በጣቱ እያሳየ፥ «ጋሼ፥ ይኼ እሳት ለምንድን ነው የተሣለው? ጽሑፉስ ምን ይላል?» ሲል ጠየቀን። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ከእኛ አንዱ «ቶሉዊን» የሚለውን ቃል አነበበና፥ «ሰባት ካርቦን፥ ስምንት ሃይድሮጅን» ብሎ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተረፈችውን ዕውቀቱን አወጣ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እሺ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለን። የምንመልስለት አጣን። ጫማችንን ተቀብለን፥ ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

ያ ጥያቄ ዕረፍት ስለ ነሣን የኬሚስትሪ ጓደኞቻችንን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ያገኘነውን እነሆ።

ቶሉዊን በማስቲሽ፥ በቀለም ማቅጠኛ ቲነርና በቫርኒሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ፥ መልክ የሌለው፥ ሽታው ጣፈጥ የሚል ፈሳሽ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኬሚስቶች ቤንዝን የሚሉት ነው፤ ይህንም እንግሊዛዊው ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1825 ለይቶ አወጣው። ሁለቱንም በመኪና ቤንዚን ውስጥ ተቀላቅለው እናገኛቸዋለን። የስማቸው ነገር ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚያስደንቅ ነው። የቤንዝን ስም ዐረቦች «ሉባን ጃዊ»፥ ማለትም የጃዋ ዕጣን፥ ከሚሉት ቃል የመጣ ነው፤ በየቤታችን ልባንጃ የምንለውን ዕጣን ለሚያውቅ ጆሮ ቃሉ ባዕድ አይሆንበትም። ቶሉዊንም ስሙን ያገኘው በኮሎምቢያ አገር ቶሉ ከምትባል ከተማ ስሟን ከወሰደ ሽታ ያለው የዛፍ ሙጫ ነው። እንግዲህ ሁለቱም የዕጣን ስም ይዘው በየቤታችን ይገባሉ፤ ሥራቸው ግን የዕጣን አይደለም።

አንድ ፈሳሽ በቀላሉ መቀጣጠል አለመቀጣጠሉ የሚታወቀው፥ የእሳት ብልጭታ ሲያገኘው ሊያያዝ የሚችል ተን ማውጣት በሚጀምርበት የሙቀት መጠን ነው። የላምባ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። የቶሉዊን ግን 4 ዲግሪ ብቻ ነው። የጨንቻ ደጋ ብርድ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ነው፤ ቀን ከ30 ዲግሪ በሚያልፈው በአርባ ምንጭማ ቶሉዊን ቀንም ሌሊትም ክብሪቱን ይጠብቃል። ስለዚህ «ላምባን ስንት ዓመት ከምድጃ አጠገብ አስቀምጠናል፤ ምን ሆነ?» የሚል ሰው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ያመሳስላል።

ተኑም ከአየር ሦስት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል። በዚያ ጠባብ ቤት መሬት ላይ ማን ተቀምጧል? ልጁና የከሰሉ ምድጃ። እሳቱ ወደ ጣሳው መምጣት አያስፈልገውም፤ ጣሳው ራሱ ወደ እሳቱ ይሄድለታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን የባዶው ጣሳ ነገር ነው። የቶሉዊን ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የሚፈነዳው ከመቶ 1.1 እስከ 7.1 እጅ ሲሆን ነው። የኬሚስትሪ ጓደኞቻችን በእኛ ከተማ ከፍታና ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት አስልተው እንደነገሩን፥ በተዘጋና ትንሽ ቶሉዊን በቀረበት ጣሳ ውስጥ ያለው ተን ከመቶ 4 እስከ 6 እጅ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ከሚፈነዳበት ወሰን መካከል ነው። ሰው «አልቋል» ብሎ የሚንቀው፥ በያጁ ምድጃ ሊሠራበት የሚቆርጠው በርሜል፥ ከሙሉው ይልቅ የሚያስፈራ ነው ማለት ነው።

ቢያያዝስ? ውሃ መድፋት ጥፋቱን ያብሳል። ቶሉዊን ከውሃ ስለሚቀል በላዩ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይስፋፋል። በአባያ ዳር የጀልባ ሞተር ሲሞላ የፈሰሰ ቤንዚን ቀስተ ደመና መስሎ በውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያሻውም። ትንሽ እሳት ከሆነ ክዳኑን መድፈን፥ ደረቅ አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ ዱቄት መበተን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰውን አስወጥቶ መሸሽና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው።

እሳት ባይነሣ እንኳ ትንፋሹ አለ። ቶሉዊን ከሳንባ ወደ ደም፥ ከደም ወደ አንጎል ፈጥኖ ይደርሳል። በመጀመሪያ ራስ ምታትና እንደ ስካር ያለ መንገዳገድ ያመጣል፤ ለብዙ ጊዜ የሳበውን ሰው አንጎሉን፥ ጆሮውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ታላቅ ወንድሙ ቤንዝን ደግሞ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። በየመንገዱ በሃይላንድ የሚቸረቸረውን ቤንዚን በጎማ በአፋቸው እየሳቡ የሚቀዱ የባጃጅ ወንድሞቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። የዋጠ ሰው ቢኖርም እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ገብቶ የባሰ ይጎዳዋልና ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንምጣ። በመናኸሪያው አካባቢ ማስቲሽ በላስቲክ ይዘው የሚስቡ የጎዳና ልጆችን ያላየ ከእኛ መካከል የለም። ረኀቡንና ብርዱን ያስረሳቸዋል። አንድ ቀን አንድ ዘበኛ ዱላ ይዞ እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያባርር፥ ልጁም እየተደናቀፈ ሲሮጥ፥ እኛ ቆመን ሳቅን። ያን ቀን ያላወቅነው ነገር ይህ ነው፤ ይህን ተን የሳበ ሰው ልብ ለድንጋጤና ለሩጫ እጅግ ስስ ይሆናል፤ በድንገት ሊቆምም ይችላል። ማባረሩ ራሱ ሊገድለው ይችል ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ሳይጮኹበት በቀስታ ቀርቦ ወደ ነፋሻ ቦታ መውሰድ፥ ከደከመም በጎኑ አስተኝቶ ሐኪም መፈለግ ነው የሚገባው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ሌሎችም «ድኻ የእጅ ባለሙያ ለጥንቃቄ የሚሆን ገንዘብ ከየት ያመጣል?» ይላሉ። መንግሥት የድርሻውን ይሥራ፤ አንቃወምም። ነገር ግን ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት ስንት ብር ይፈጃል? መስኮት መክፈትስ? ተቀብቶ ሲያበቃ ጣሳውን መክደን፥ በቲነር የረጠበ ጨርቅ በቤት ውስጥ አለማከማቸት፥ እጅን በቲነር ፈንታ በዘይትና በሳሙና መታጠብስ? የጨርቅ ጭንብል አቧራ እንጂ ተን እንደማይከለክል ማወቅም ወጪ ያድናል እንጂ አያስወጣም። ልጁ ያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሚነግረው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ድርሻ የሚመጣው። የኬሚስትሪ ተማሪ ነገሩን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በእንግሊዝኛና በቀመር ነው። እኛ ቋንቋውን እናውቃለን፤ ነገሩን ግን «የእኛ አይደለም» ብለን ትተነዋል። ያ ልጅ የወደቀው በእኛና በእነርሱ መካከል ነው። ስለዚህ ማኅበራችንን የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የኬሚስትሪ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ገጽ ይጻፉ፤ እኛ በማያሻማ አማርኛና በጋሞኛ እንመልሰው፤ ማንበብ ለማይችለውም ሥዕል ይጨመርበት። ከዚያ በሲቀላና በሴቻ ባሉት የጫማ፥ የእንጨትና የብየዳ ሥራ ቤቶች ሁሉ በእግራችን እየዞርን እንለጥፈው፤ ቆመንም እናንብበው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እኛ ማኅበሩ እስኪወስን አንጠብቅም። በመጀመሪያ የምንሄደው ወደዚያው ቤት ነው፤ የልጁን ጥያቄ መልስ ይዘን። ደግነቱ ሁለተኛው ጫማችንም ተገንጥሏል።