ጥቁር ጉርድ ለብሼ ነጭ ቀሚስ ስሸጥ

ይድረስ ለጉለሌ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምሸጥ የ3 ልጆች እናት ነኝ። ነጭ ቀሚስ ስዘረጋና ሳጥፍ እውላለሁ፤ ራሴ ግን የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ከጥቁር ጉርድ ሌላ ለብሼ ሱቅ ገብቼ አላውቅም ነበር። ምክንያቱን ባለቤቴም አያውቅም፤ ስሜን ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ሳስነጥስ፣ ደንበኛ ሲያስቀኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውኃ በሚመጣበት ፈረቃ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብድግ ሳደርግ ሽንት ያመልጠኝ ነበር። አሮጌ ነጠላ ቀድጄ፣ አጥፌ እደርባለሁ። ማታ ሁሉም ሲተኛ አጥባለሁ።

ልጄን በ45ኛ ቀኑ ለክትባት ወሰድኩት። የት ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም፤ ነርሷም ደግ ልጅ ነበረች። ልጁ ተመዘነ፣ ተወጋ፣ ካርዱ ተሞላለት። ጡት ይጠባል ወይ ተባልኩ፤ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያም ተነገረኝ። ከዚያ «ቀጣይ!» ሆነ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ የነበረችው ሴት ሳል ሲመጣባት እግሯን አነባብራ ጭምቅ ስትል አየኋት። እሷም እንዳየኋት አወቀች። ሁለታችንም ዝም አልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛን ማን ጠይቆን ነው የደበቅነው?

መድኃኒቱ ሱቄ ድረስ መጣልኝ። ልጁ 4 ወር ሲሆነው ነው። ለሠርጓ ቀሚስ ልትለካ የገባች አንዲት ደንበኛ፣ ጥቅል ላነሳ ጎንበስ ብዬ ድንግጥ ስል አይታ «ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አለችኝ። ለካ ፊዚዮቴራፒስት ናት። የመለኪያውን መጋረጃ ጋርዳ እዚያው አስተማረችኝ። ሽንትም ፈስም እንዳያመልጥ እንደምንይዘው አድርጎ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፤ ትንፋሽ ሳይቆም፣ መቀመጫ ሳይጨበጥ። እስከ 10 ሰከንድ ለመያዝ መሞከር፤ እኔ መጀመሪያ ከ3 አላልፍም ነበር። ለቆ ማረፍ፣ ደግሞ መሳብ፤ 8 ወይም 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። እየሸኑ መሃል ላይ ማቋረጥን ግን ልማድ እንዳላደርገው አስጠነቀቀችኝ። ደንበኛ ጥልፍ ሲያማርጥ እኔ በሆዴ እቆጥራለሁ፤ ማንም አያውቅብኝም። በ3 ወር ጀሪካኑን ረታሁት። አልዋሽም፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ዛሬም ጠብ ይላል።

ይህን ልምምድ አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፎታል፤ እናቴ ሳትወለድ ማለት ነው። ከወለዱ ሴቶች ደግሞ ሲሶ ያህሉ ሽንት እንደሚያመልጣቸው በዓለም የተደረጉ ጥናቶች ይናገራሉ። እኔ ግን ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

ልምምዱ ለአራስ ሁሉ ይታዘዝ ብዬ አይደለም የምጽፍልዎት። ያቺው ደንበኛዬ እንዳስረዳችኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የድኅረ ወሊድ መመሪያ፣ ለመከላከል ተብሎ ከወሊድ በኋላ ለእናት ሁሉ ማስጀመሩን አይመክርም። የተሻለ የሚከላከለው በእርግዝና ጊዜ ሲጀመር ነው። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ለሚያመልጣት ሴት ሕክምናዋ ነው። እንግዲህ ቦታው የእርግዝና ክትትሉ ላይ ነው። ድርጅቱ 8 ጊዜ ክትትል ይመክራል፤ ከ8ቱ በአንዱ 10 ደቂቃ አይጠፋም። በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ገንፎው እስኪቀርብ ድረስ እንኳ ይበቃል። ብቻ አደራዎን፣ «የዳሌ ወለል ጡንቻ» የሚል ፖስተር እንዳይለጥፉብን። ወለል ሲባል እኛ የሚታየን ሊሾ ነው። «ሽንት የምትይዢበት ጡንቻ» ብትሉን ሁላችንም ይገባናል።

በ45ኛው ቀን ደግሞ አንድ ጥያቄ ትጨመር፦ «ስታስነጥሺ፣ ስትስቂ፣ ዕቃ ስታነሺ ሽንት ያመልጥሻል?» መጋረጃ ይኑር፤ ወንድ ካርድ ጸሐፊ ባለበት ማንም እውነቱን አትናገርም። ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈሳት ካለች ፊስቱላ ሊሆን ይችላልና ልምምድ አያድናትም፤ ሐኪሞቹ ሐምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። «ከታች የሆነ ነገር ይወርድብኛል» የምትል ካለችም ማህፀኗ ሊሆን ይችላልና በምክር ብቻ አትሸኝ። ጳውሎስ ሆስፒታል በክፍለ ከተማችን ነው፤ ሪፈር ይጻፍላት።

ይህን የምለው ከእንጦጦ የሚወርዱትን ሴቶች እያሰብኩ ነው። እኔ እንኳ እናቴ 40 ቀን አርሳኛለች፤ ገንፎ በልቼ ተኝቻለሁ። ጠዋት ጠዋት በሱቄ ደጃፍ እንጨት ተሸክማ፣ ወገቧ ለሁለት ታጥፎ የምታልፈው ሴት ግን አራስነቷን ስንት ቀን እንደተኛች ማን ያውቃል? እሷ ሱቅ ገብታ ፊዚዮቴራፒስት አታገኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችሁ ቤቷን ያውቁታል፤ ያቺን ጥያቄ ይዘው እሷ ዘንድ ይሂዱ።

ልጄ በሚቀጥለው ወር 9 ወር ይሞላዋል፤ ለኩፍኝ ክትባት እንመጣለን። ስሜን ስላልጻፍኩ የትኛዋ እንደሆንኩ አታውቁም። አግዳሚው ላይ ያለነውን ሁላችንንም መጠየቅ ይኖርባችኋል።