የከብት ጤና፦ የበሬው ቆዳ ለምን አበጠ?

ተፍኪ ከምናስተምራቸው አባቶች አንዱ ከክፍል ቀሩ። ሁለት ቀን ጠበቅናቸው። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድን። በረቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። የበሬያቸው አንገትና ጎን እብጠት በእብጠት ሆኗል። አንዳንዱ እብጠት ፈርጦ ቆስሏል።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ አስበዋል?» አልናቸው።

«ምን አደርጋለሁ ልጆቼ! ሳይብስበት ገበያ አወጣዋለሁ» አሉን።

እኛም ነገሩን አስረዳናቸው። ይህ በሽታ ጉርብርብ ሊሆን ይችላል። ጉርብርብ ተላላፊ የከብት በሽታ ነው። በሬው ገበያ ከወጣ የሰው ከብት ይለክፋል። የሚገዛውም ገበሬ እንደ እርስዎ ጥማድ የቸገረው ነው።

ጉርብርብን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ቫይረስ ይባላል። የሰው ዓይን ወይም እርግማን አያመጣውም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ዛምቢያ ውስጥ ታወቀ። አገራችን ውስጥ በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ በኩል ታየ። ዋና አስተላላፊዎቹ ተናካሽ ዝንብና ትንኝ ናቸው። ክረምት የአዋሽ ውሃ ሜዳው ላይ ሲተኛ እነዚህ ይበዛሉ። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከብቱን ግን ያከሳል፤ ወተት ይቀንሳል፤ ቆዳ ያበላሻል፤ አንዳንዱንም ይገድላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የታመመውን ከብት ከሌላው እንለይ።

2. ቶሎ ለእንስሳት ሐኪም እንንገር። እብጠት ሁሉ ጉርብርብ አይደለም።

3. እብጠቱን አንብጣ፤ በእሳትም አንተኩስ። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና እንጠብ። ዝንብ እንከላከል።

4. ለስላሳ ሣርና በቂ ውሃ እንስጥ።

5. የሰው መድኃኒት አንስጥ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሐኪሙ መርፌ የሚወጋው ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ነው። መርፌ የተወጋ ከብት ሥጋና ወተት መቼ እንደሚበላ ሐኪሙን እንጠይቅ።

6. ጤነኞቹን ክረምት ሳይገባ እናስከትብ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይሠራል። ክትባት ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙን። ቆይተው «እርሻውስ?» አሉ። ጎረቤቶቻቸው በራሳቸው በሬዎች በደቦ ሊያርሱላቸው ቃል ገቡ። በሬው ገበያ አልወጣም። በማግሥቱ ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በሬ» ብለው ጻፉ።

ጥያቄ፦ የታመመ ከብት ገበያ ማውጣት ማንን ይጎዳል? መልሱን ጽፋችሁ ለጎረቤት አንብቡ።