ስለ ሸክላ ማጫወቻ ገመድ ርዝመት

ከወላጆቹ የወረሰውን የዘፈን ሸክላ በኤሌክትሪክ ማጫወቻ የሚያሰማ ሰው፥ ድምፁ ሲሻክርበት ወይም ሲደፈንበት፥ ብዙ ጊዜ ሸክላው አርጅቷል ብሎ ይፈርድበታል። ነገር ግን ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ ጋራ የሚያገናኘው ገመድ ከልክ በላይ ሲረዝም ይህን የመሰለ ጉድለት ያመጣልና፥ ሸክላውን ከመጣል አስቀድሞ ገመዱን መመርመር ይገባል።

የጥንቱ ግራሞፎን በመለከቱ ይናገር ስለ ነበረ የገመድ ነገር አያሳስበውም ነበር። በኤሌክትሪኩ ማጫወቻ ግን መርፌው በሸክላው መሥመር ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የሚወልደው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ በተለመደው፥ ማግኔቱ በሚንቀሳቀስበት ካርትሪጅ፥ 5 ሚሊቮልት ያህል ነው። ገመድም በሁለቱ ሽቦዎቹ መካከል ጥቂት ኤሌክትሪክ የማከማቸት ጠባይ አለው፤ ልኩም በብዙው ገመድ ለ1 ሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ነው። ይህ ክምችት በካርትሪጁ ውስጥ ካለው የሽቦ ጥምጥም ጋራ ተባብሮ፥ ከቀጫጭኑ ድምፅ አንዱን ክፍል ከልኩ በላይ ያስጮኻል፤ ከዚያ በላይ ያለውንም ያጠፋል።

ለምሳሌ ጥምጥሙ 500 ሚሊሄንሪ፥ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 100 ፒኮፋራድ ቢሆን፥ በ1.2 ሜትር ገመድ ጩኸቱ የሚያርፈው በሰከንድ 15,000 ንዝረት አካባቢ ነው፤ በዚያ ከፍታ ጆሮ ብዙም አይለየውም። ገመዱ 5 ሜትር ሲሆን ግን ወደ 9,000 ይወርዳል። ያን ጊዜ የዘፋኙ «ሰ» ፉጨት ይመስላል፥ የጸናጽሉም ጥራት ይደበዝዛል።

በሰፊ አዳራሽ ማጫወቻውን ባንዱ ማዕዘን፥ አምፕሊፋየሩን በሌላው ማኖር ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ለጆሮ ግን አይስማማም። ሁለቱን አቀራርቦ፥ ወደ እስፒከሩ የሚሄደውን ገመድ ማስረዘም ይሻላል። ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ገመድ 10 ሜትር ቢረዝም፥ ደርሶ መልሱ ተቃውሞ 0.14 ኦም ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በ8 ኦም እስፒከር ፊት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መራራቃቸው የግድ ከሆነ ግን የሸክላ ቀዳሚ አምፕሊፋየር ገዝቶ ከማጫወቻው አጠገብ ማኖር ነው፤ ኤሌክትሪኩን 100 እጥፍ ያህል ካሳደገው በኋላ የገመዱ ርዝመት እምብዛም አይጎዳም። ነጋዴው በወርቅ የተለበጠ ጫፍ ሲያሳይ፥ ገዢው አስቀድሞ ሜትሩንና ፒኮፋራዱን ይጠይቅ።

ጥምጥሙ ራሱ የሚንቀሳቀስበት ውድ ካርትሪጅ በገመዱ ክምችት ብዙ አይነካም፤ ነገር ግን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከ1 ሚሊቮልት በታች ስለ ሆነ፥ ረጅም ገመድ ከመብራት መሥመር የሚለቅመው ጉምጉምታ ይበረታበታል። ስለዚህ ገመዱ ከመብራቱ ሽቦ ጎን ለጎን አይዘርጋ፤ ማለፍ ግድ ቢሆንበት አቋርጦት ይለፍ፤ ቀጭኑም የመሬት ሽቦ ባምፕሊፋየሩ ላይ ጠብቆ ይታሰር።