ለወንበር ሞዴል 19 አለ፤ ለሰው መረጃስ?

ካማሺ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት ወንበር ስትገባ ሞዴል 19፣ ስትወጣ ሞዴል 22 ይቆረጥላታል። የሺህ ሰው ስም ዝርዝር ግን በኤክሴል ተሞልቶ በቴሌግራም ሲላክ ርክክብ የለውም። "ቀን" የሚለው ዓምድ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተሞላ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚናገር የለም።

ጣጣው ቀላል አይደለም። አንድ ሕፃን 03/13/2012 ተወለደ ተብሎ ቢመዘገብ፣ መዝጋቢው ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ማለቱ ነው። የአሜሪካንን ልማድ የሚከተል ኮምፒውተር ግን ማርች 13 ቀን 2012 ብሎ ያነበዋል፤ ስህተት አለ ብሎም አይጮኽም። የጥቂት ወራት ሕፃን በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አልፎት ከክትባት ዝርዝር ይወጣል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። አንዱ "ካማሺ"፣ ሌላው "ከማሺ" ብሎ ይጽፋል፤ ለሰው አንድ ነው፣ ለማሽን ሁለት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ከተገደሉ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከካማሺ ዞን ወደ ወለጋ ተፈናቅለዋል። የአንድ ተፈናቃይ ስም ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያና እርዳታ ሰጪው ዘንድ በሦስት አጻጻፍ ከተቀመጠ፣ ሰውየው ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል።

መሣሪያው ጠፍቶ አይደለም። እያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚይዝ እንደ ውል የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ቆይተዋል፦ ኤኤስኤን.1 በ1984፣ የፌስቡኩ ትሪፍት በ2007፣ የጉግሉ ፕሮቶኮል በፈርስ በ2008 እ.ኤ.አ.። 

"ኔትወርክ የለም፣ ባለሙያ የለም" ይባላል። አንድ ገጽ መግለጫ ለመጻፍ ኔትወርክ አያስፈልግም። አይቻልም እንዳይባልም፣ ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ2 የተባለውን ሥርዓት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እያሠራው ነው።

እውነተኛው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልፋቱ የላኪው፣ ጥቅሙ የተቀባዩ ነው። የካማሺው መዝጋቢ ሰዓቱን ያጠፋል፤ የተጣራው ዝርዝር አሶሳና አዲስ አበባ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ትርጉሙን በጽሑፍ ያሰፈረ ይጠየቅበታል። "አባወራ" ማለት ማን እንደሆነ እስካልተጻፈ ድረስ ቁጥሩ እንደ ስብሰባው ሊለጠጥ ይችላል። ይህ ለአንዳንዱ ኃላፊ ይመቻል።

ሞዴል 19ን ያስለመደው የቅጹ ማማር አይደለም። ያለ እሱ ንብረት የተረከበ ሠራተኛ ኦዲተር ፊት ስለሚቆም ነው። ለመረጃም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ክልሉም ሆነ ፌዴራሉ መግለጫ የሌለውን ዝርዝር "አልቀበልም" ይበል። ለመጀመር ሦስት ነገር ይበቃል፦ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የወረዳው መለያ ኮድ፣ ሙሉ ስም ከነአባትና አያት። ተቀባዩም ያጣራውን ዝርዝር ወደ ካማሺ ይመልስ፤ የለፋው መዝጋቢ ይጠቀምበት።

ወንበር ያለ ሞዴል 19 አይገባም። የሰው ስምም ያለ መግለጫ አይግባ።